የእመት በቅሎ ጆሮ

ተረት አለኝ! «ያምጡት!» በሉ እንጂ፤ አፋችሁን ከፍታችሁ የምታዩኝ ጥርሴን ልትቆጥሩ ነው? እንደገና። ተረት አለኝ! … እሰይ፣ እንዲህ ነው። ዛሬ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ወገቤንም ጥርሴንም አላመመኝም። ትናንት መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ጅቡን ገና ከመጀመሪያው አምጥቼ፣ ሁሉንም አስበልቼ፣ «በሉ ወደየቤታችሁ» ብዬ ባባረርኳችሁ ነበር።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ድንጋይ እንኳ ሲረግጡት «ኧረ ቀስ!» በሚልበት ጊዜ፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯ ላሞችና በጎች፣ ፍየሎችና ዶሮዎች፣ አህዮችም ተከባብረው ይኖሩ ነበር። ከኮረብታው ላይ ደግሞ አያ ጅቦ ይኖር ነበር። እሱ ግን ማንንም አያከብርም።

የመንደሩ ልጆች ዱካ አያውቁም። መንገድ ላይ የጅብ ዱካ ሲያዩ «የማን ይሆን?» ይላሉ፤ ይከተሉታል። «ወዴት ይሆን የሚሄደው?» ይላሉ፤ ይከተሉታል። ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ግን የለም፤ እዚያ ድረስ የደረሰ ልጅ አይመለስማ።

አንድ ቀን ሽማግሌው በሬ ጉባኤ ጠራ።

«ጎበዝ፣ ልጆቻችን አለቁ። ዱካ የሚያስተምርልን ያስፈልገናል። አገር የዞረ ማን አለ?»

«እመት በቅሎ አለች!» አሉ ሁሉም።

እመት በቅሎ እውነትም አገር የዞረች ነበረች። ቆላ ወርዳ፣ ደጋ ወጥታ፣ ያልረገጠችው መሬት አልነበረም። የነብሩን፣ የቀበሮውን፣ የከርከሮውን ዱካ በጨረፍታ ትለያለች። እውቀቷን የሚያማ አልነበረም። የሚታማው ጠባይዋ ነው።

መቼም በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ሲባል ሰምታችኋል። ያቺ በቅሎ ይህቺው ናት! አባቷ አህያ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሚያንገበግባት ነገር አልነበረም። እናቷ ባዝራ ናት፤ የእናቷን ነገር ጠይቋት፣ እስኪመሽ ታወራላችኋለች። የአባቷን ነገር ያነሳባት ግን ጥርሱን ከመሬት ይለቅማል።

ትምህርት ቤቱ ከሾላ ዛፍ ሥር ሆነ። ወላጆች አመድ አምጥተው መሬቱ ላይ ነሰነሱ። እመት በቅሎ በኮቴዋ ጫፍ አመዱ ላይ ዱካ ትሥላለች፤ ተማሪዎቹ «የእገሌ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ተማሪዎቹ አምስት ነበሩ፤ ጥጃ፣ ጠቦት፣ ግልገል፣ ጫጩትና ውርንጭላ።

ውርንጭላ የአህያ ልጅ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እመት በቅሎ በመጀመሪያው ቀን ገና ስታየው ፊቷ ቅጭም አለ። እሱ ደግሞ ምስኪን፣ ረጃጅም ጆሮዎቿን አይቶ ደስ አለውና፣ «እትዬ፣ እኛ እኮ እንመሳሰላለን!» አላት።

ምነው ባላለ! ከሁሉም ኋላ፣ ከሾላው ግንድ ጀርባ አስቀመጠችው። ከዚያ ቦታ አመዱም አይታይም፣ መምህሯም አትታይም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። ውርንጭላ ግንዱን እያየ፣ ድምጿን ብቻ እየሰማ ይውላል።

«ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ልጆቹ ለብቻቸው ግጦሽ ይወጣሉ» አለ ሽማግሌው በሬ። «እስከዚያ የጅብን ዱካ ካልለዩ፣ ለአያ ጅቦ ራት አሳድገንለታል ማለት ነው። አደራ፣ እመት በቅሎ!»

«አደራውን ተቀብያለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ ልቧ ቅን ነበር። በየቀኑም ይህቺን ግጥም ታስብላቸዋለች።

«የፊቱ ሰፊ፣
የኋላው ጠባብ፣
ጥፍሩ የሚታይ፣
ይህ ነው ጅብ!»

አሁን ወደ ነገረኛው ልምጣ። እመት በቅሎ ከቤቷ ወደ ሾላው ስትመጣ አንድ ወንዝ ትሻገራለች። ወንዙ ምላሰ ረጅም ነው። ሥራ የለው፣ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ አላፊ አግዳሚውን ሲተነኩስ ይውላል። ጠዋት ጠዋት ጥርት ብሎ ይጠብቃታል። እሷ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ውሃው ላይ ብቅ ይላሉ።

«ወይ ጆሮ!» ይላል ወንዙ። «ወይ ጆሮ፣ ወይ ጆሮ! ለመሆኑ ከማን ወረስሽው?»

«ፈረስ አጎቴ ነው!»

«አጎትሽን ማን ጠየቀሽ? አባትሽ ማነው ነው የምልሽ።»

በቃ። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ልጥፍ ይላሉ። ሳትጠጣ ትሻገራለች፣ እየነጠረች ትመጣለች፣ የዚያን ቀን ትምህርት ቤቱ ሲኦል ነው። ዝናብ ጥሎ ወንዙ የደፈረሰ ቀን ግን ጆሮዋ ውሃው ላይ አይታይም። ወንዙም አፉን ጭቃ ሞልቶት አይናገርም። ያን ቀን ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ እያንጎራጎረች ትመጣለች። እንግዲህ የመንደሩ ልጆች መማርና አለመማር በአንድ ወንዝ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

ወንዙ በጠራ በአንዱ ቀን እመት በቅሎ አመዱ ላይ የጅብ ዱካ ሣለች።

«ጠቦት! የማን ነው?»

ጠቦት ጎንበስ ብሎ አየ። የፊቱ ሰፊ፣ የኋላው ጠባብ። «የጅብ ነው፣ እትዬ» አለ። ልክ ነው! ግን ቀና ሲል ጆሮዋ ተለጥፏል። ያስለጠፈው ወንዙ ነው፤ ጠቦት ይህን በምን ይወቅ?

«አይ፣ አይደለም … የዶሮ ነው» አለ።

«የዶሮ?» ብላ ጮኸች፤ ከኋላዋ ያለውን ጉቶ በእርግጫ አለችው።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ጉቶው።

ጠቦት ጅብ የሚለውን መልስ ከዚያ ቀን ወዲያ ለብዙ ጊዜ አፉ ላይ አላመጣውም።

ወንዙ በደፈረሰ በሌላ ቀን ያንኑ ዱካ ሣለች።

«ጫጩት! የማን ነው?»

ጫጩት ጭንቅ ሲላት «የእናቴ!» አለች።

«የእናቴ አለችኮ! ወይ እኔን!» ብላ እመት በቅሎ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆሙ። አላረመቻትም። ደስ ብሏት ረሳችው። ጫጩትም የጅብ ዱካ የእናቷ መሆኑን በልቧ ይዛ ሄደች።

ልጆቹ ግን ሞኝ አይደሉም። ልጅ ሞኝ ነው ያላችሁ ማነው? የሚያስፈራቸውን ነገር ቶሎ ያጠናሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጥጃ ሌሎቹን ሰበሰበና፣

«ስሙኝ፣ አመዱን ተዉት። ጆሮዋን እዩ» አላቸው። «አንዱን ጆሮ ካዞረች ተሳስታችኋል። ሁለቱን ካቆመች አግኝታችኋል። ሁለቱን ከለጠፈች እግሬ አውጪኝ በሉ።»

ወንዙ የደፈረሰ ቀን እያንጎራጎረች እንደምትመጣም አስተውለው ስለነበር ተራ አወጡ። አንድ ቀን ጥጃ፣ አንድ ቀን ግልገል፣ አንድ ቀን ጠቦት ማልደው ወንዝ ይወርዱና ይንቦጫረቁበታል።

«ኧረ እናንተ ልጆች! ገና ፊቴን ሳልታጠብ!» እያለ ወንዙ ይጮሃል፤ ወዲያው አፉ ጭቃ ይሞላል፣ ዝም ይላል።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱ ሰመረ! እመት በቅሎ ትሥላለች፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጆሮዋ ላይ ይተክላሉ።

«የነብር?» ይላል ግልገል። አንዱ ጆሮ ዞረ። «የቀበሮ?» አሁንም ዞረ። «የ … ጅብ?» ሁለቱም ቆሙ። «የጅብ ነው፣ እትዬ! የጅብ!»

«ጎሽ!» ትላለች በቅሎ።

ሽማግሌው በሬ ራሱ መጥቶ አየ። አምስት ጊዜ ጠየቀች፣ አምስት ጊዜ መለሱ። «እሰይ፣ ዘንድሮስ ልጆቻችን ተረፉ» ብሎ እንባውን በጅራቱ ጠርጎ ሄደ። እመት በቅሎም በኩራት የምትረግጠው ጠፋት።

ታዲያ አንድ ቀን ትምህርት መሀል ዝናብ መጣ። እመት በቅሎ ገሳዋን ለበሰች። ገሳ ታውቃላችሁ? የሣር ካባ ነው፣ ለዝናብ። ዛሬ ሁላችሁም ላስቲክ ለባሽ ሆናችሁ፤ እኛ ግን ገሳ ነበር የምንለብሰው፣ ዝናብም ያከብረን ነበር። ለማንኛውም፣ ገሳውን ከአናቷ ጀምራ ስትለብሰው ጆሮዎቿ ከውስጥ ቀሩ።

«ጥጃ! ይህ የማን ነው?»

ጥጃ ቀና አለ። ሣር ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ግራ ዞሮ አየ፤ ሣር። ወደ ቀኝ ዞሮ አየ፤ ሣር። በአንድ ትንፋሽ «የነብር የቀበሮ የከርከሮ የዶሮ የእናቴ!» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠቦት!»

ጠቦት ማልቀስ ጀመረ።

«ግልገል!»

ግልገል በሆዷ በኩል ሾልኮ ገሳውን ከሥር ሊገልጥ ሲል ደረሰችበት።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ጆ … ምንም፣ እትዬ።»

ያኔ ገሳው ተናገረ። «እመት በቅሎ፣ እኔ ሣር ነኝ፤ ግን ያየሁትን ልናገር። እነዚህ ልጆች አንድም ዱካ አያውቁም። የተማሩት ጆሮሽን ነው። ጆሮሽ ደግሞ የሚናገረው ስለ ዱካው አይደለም፤ ስለ ውሎሽ ነው።»

«ስለ ጆሮዬ ነው የምታወራው?»

«ረጅም ነዋ! ከሩቅ ይታያል።»

አይ ገሳ! ጥሩ ተናግሮ ተናግሮ መጨረሻ ላይ አበላሸው። እመት በቅሎ ገሳውን ከላይዋ ገፍፋ ሾላው አጠገብ ያለ የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ወረወረችው።

«እኔ ስለፋላችሁ እናንተ ጆሮዬን ትለካላችሁ? ነገ አልመጣም! ከነገ ወዲያም አልመጣም! ኩርፊያዬ ሲያልቅ እመጣለሁ!» ብላ፣ ጭቃውን እየረጨች ወደ ቤቷ ሄደች።

ገሳው የወደቀበት የቀጋ ቁጥቋጦ ታዲያ ባዶ አልነበረም። አያ ጅቦ ከሥሩ ተኝቶ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ሳቁ እንዳያመልጠው መዳፉን ነከሰ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ከሾላው ሥር ተሰብስበው ሲጠብቁ አንድ እንግዳ እያነከሰ መጣ። ገሳ ለብሷል። አናቱ ላይ ሁለት ረጃጅም የኮባ ቅጠሎች አስሯል። ከቅጠሎቹ የወረደ የልጥ ገመድ አገጩ ሥር ተንጠልጥሏል፤ ልጡን ሳብ ሲያደርገው ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

«ማን ነዎት?» አለ ጥጃ።

«ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ጅቡ።

«አሃ፣ የእትዬ ዘመድ ናቸው!» አሉ ልጆቹ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ይሄኛውም ቁርበት አስነጠፈና ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ልጆች፣ ጅብ ነው! ጅብ ነው!» ብሎ ገሳው ከጅቡ ጀርባ ላይ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ገሳ ምን ያውቃል!» አለ ግልገል። «ጆሯቸው እኮ ቆሟል!»

አያ ጅቦ የራሱን የፊትና የኋላ እግር አመዱ ላይ አሳረፈና አነሳ። የፊቱ ሰፊ፣ የኋላው ጠባብ፣ ጥፍሩ የሚታይ። «የማን ነው?» አለ።

አንዳቸውም ወደ አመዱ አላዩም። ሁሉም ወደ ቅጠሎቹ አዩ።

«የዶሮ?» አለ ጠቦት በፍርሃት።

ጅቡ ልጡን ሳበ፤ ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ። «ጎበዝ!»

«የእናቴ?» አለች ጫጩት።

«አንቺም ጎበዝ!»

ልጆቹ ፈነደቁ። እንዲህ ያለ መምህር አይተው አያውቁም። ጅቡ ደግሞ አንገቱን አስግጎ ከግንዱ ጀርባ ተመለከተ።

«እዚያ ጥግ ያለው ልጅ ማነው? ምነው፣ እንዲህ ያለ ሙክክ ያለ … እንዲህ ያለ ቆንጆ ልጅ ከኋላ ይቀመጣል? ና ወደ ፊት!»

ውርንጭላ ጆሮውን አላመነም። ቀስ ብሎ ወጥቶ መጣ። ከፊት ተቀመጥ ሲባል በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ምስኪን። ጅቡም ዓይኑን ከውርንጭላ ጭን ላይ መንቀል አቃተው።

«በሉ» አለ ምራቁን ውጦ፣ «ዛሬ ዱካ ተከትለን የምንማርበት ቀን ነው። ይህን የዶሮ ዱካ እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን። የመጀመሪያው ተሰላፊ ይህ ቆንጆ ልጅ ይሁን።»

ተሰለፉ። ወንዙን ከታች በኩል ተሻገሩ፣ ወደ ኮረብታው ወጡ። ገሳው «ጅብ ነው!» እያለ ይጮሃል፣ እነሱ እየዘፈኑ ይሄዳሉ።

እመት በቅሎ በዚያ ሰዓት እያኮረፈች ውሃ ልትጠጣ ወንዝ ወረደች። ያደፈረሰው ስለሌለ ወንዙ ጥርት ብሏል። ጆሮዎቿ ብቅ አሉ። ስድቡን ለመቀበል ጥርሷን ነከሰች፤ ወንዙ ግን ዝም አለ።

«ምነው፣ ታመምክ?» አለችው።

«ዛሬ ስለ ጆሮሽ አላወራም» አለ ወንዙ። «አሁን አያ ጅቦ ገሳሽን ለብሶ፣ ኮባ አናቱ ላይ አስሮ ተሻገረኝ። ሳየው ስቄ ልሞት ነበር። ከኋላው ግን ልጆቹ ነበሩ፤ ሳቄ ጠፋ።»

«ኩርፊያዬ ገና አላለቀም» አለች እመት በቅሎ። አፏ ነው እንዲህ ያለው፤ እግሯ ግን ዳገቱን ጀምሮታል። እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። አደራ ብለዋታል እኮ! አምስት እናቶች ልጆቻቸውን አምነው ሰጥተዋታል።

ከኮረብታው ጫፍ ስትደርስ የጅቡ ዋሻ አፉን ከፍቶ አየች። አያ ጅቦ ከደጁ ተቀምጦ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ቀን ስለሆነ ፈርቷል፤ አንዱን ቢይዝ ሌሎቹ ይበተኑበታል፣ ስለዚህ ሁሉንም አስገብቶ በሩ ላይ ሊቀመጥ ነው ሐሳቡ። ውርንጭላ ከፊት ሆኖ አንድ እግሩን ዋሻው ውስጥ አስገብቷል።

«ልጆች፣ ተመለሱ!» ብላ ጮኸች።

ልጆቹ ዞረው አዩ። ምን አዩ? ጆሮዋ ከንዴቱም ከድንጋጤውም የተነሳ አንገቷ ላይ ልጥፍ ብሏል።

«ወዮ! እትዬ ተናዳለች!» አለ ጥጃ። «እግሬ አውጪኝ በሉ!»

ሁሉም ከእሷ ሸሽተው ወደ ዋሻው ሮጡ።

አንድ እርምጃ ስትጠጋ አንድ እርምጃ ይገባሉ። ሁለት ስትጠጋ ሁለት ይገባሉ። ስትጮህ ይባስ ይገባሉ። እሷ ከጅብ ልታድናቸው መጥታለች፤ እነሱ ከእሷ ሸሽተው ራሳቸውን ለጅብ ሊሰጡ ነው።

«ጆሮሽን!» አለ ገሳው ከጅቡ ጀርባ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጆሮሽን አንሺ!»

እመት በቅሎ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። ልቧ እየነደደ ጆሮዋን ለማንሳት ታገለች። ቀኙ ቀስ እያለ ተነሳ። ግራው እምቢ አለ። ግራውን ስታነሳ ቀኙ ወደቀ። አይ መከራ! ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ መሀል ላይ ቆሙ።

አያ ጅቦ ይህን አየና ፈገግ አለ።

«እመት በቅሎ፣ እንደምን አደርሽ? ለመሆኑ አባትሽ ማነው?»

ሁለቱም ጆሮዎች ወደቁ። ልጆቹ አንድ እርምጃ ገቡ።

እንደገና ታግላ አንዱን አነሳች።

«አልሰማሁሽም» አለ ጅቡ። «አባትሽ ማነው?»

ጆሮዋ ወደቀ። ልጆቹ ሌላ እርምጃ ገቡ። አሁን የውርንጭላ ጅራት ብቻ ነው የሚታየው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምተሽ የለ?» አለ ጅቡ እየሳቀ። «ምን አደከመሽ! ንገሪኝና ሂጂ፤ አባትሽ ማነው?»

በዚህ ጊዜ ውርንጭላ ዋሻው ጨልሞበት ዞሮ አንገቱን ብቅ አደረገ። ጆሮዎቹ በፍርሃት ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። እመት በቅሎ አየችው። የእሷው ጆሮ ነው፣ ቁርጥ እሷን። እዚያ ግንድ ጀርባ ስንት ቀን እንዳስቀመጠችው ትዝ አላት።

«አህያ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«አባቴ አህያ ነው! እሰይ፣ አባቴ አህያ ነው! ይህም ጆሮ የአባቴ ነው፣ ይህ ልጅም የአባቴ ወገን፣ የሥጋ ዘመዴ ነው!»

እንዲህ ስትል፣ ስትታገላቸው እምቢ ያሉት ጆሮዎች ማንም ሳይነካቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁለቱም! ልጆቹ ከዋሻው ብቅ ብቅ አሉ። የጅቡ ስድብ አለቀ።

እመት በቅሎ ግን ልጆቹ ጆሮዋን እያዩ እንዲመጡላት አልፈለገችም። ነገ ደግሞ ሌላ ባለ ኮባ ቢመጣስ? ጀርባዋን ሰጥታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ኋላዋን ወደ ዋሻው አዙራ ቆመች።

«ልጆች፣ ጆሮዬን ተዉት። እንኳን የእኔን፣ የማንንም ጆሮ አትዩ። ወደ መሬት እዩ! ውርንጭላዬ፣ እግርህ ሥር ያለው ዱካ የማን ነው?»

«እኔ ነኝ የምመልሰው?» አለ ውርንጭላ።

«አንተ ነህ። አትፍራ፤ ብትሳሳትም ልጄ ነህ።»

ውርንጭላ ጎንበስ አለ። ከግንዱ ጀርባ ሆኖ ጆሮዋን አይቶ አያውቅም፤ ግጥሟን ግን አንድ ቀን ሳያመልጠው ሰምቷል። ዱካውን እያየ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«የፊቱ ሰፊ … አዎ። የኋላው ጠባብ … አዎ። ጥፍሩ የሚታይ …» ቀና አለ። «እትዬ፣ ይህ የዶሮ አይደለም!»

«እርግጠኛ ነህ?»

ሁሉም በልማዳቸው ጆሮዋን ለማየት ቀና አሉ። ጀርባና ጭራ ብቻ ነው የሚታየው። እንደገና ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ እግር አዩ። ከዚያ እንደገና ወደ መሬት አዩ።

«እርግጠኛ ነኝ!» አለ ውርንጭላ። «ይህ ነው ጅብ!»

«ይህ ነው ጅብ!» አሉ አምስቱም በአንድ ድምፅ።

እመት በቅሎ ኋላዋን ወደ ዋሻው አዙራ የቆመችው ለትምህርቱ ብቻ መስሏችሁ ነበር? ሁለቱን የኋላ እግሮቿን አንስታ አያ ጅቦን አገጩ ላይ አለችው! ልጡ ተበጠሰ። ኮባዎቹ ወደ ሰማይ ወጡ። አያ ጅቦ ከዳገቱ ተንከባሎ፣ ተንከባሎ፣ ታች ወንዙ ውስጥ ገባ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አያ ጅቦ!» አለ ወንዙ። «ለመሆኑ ጆሮህ የት ሄደ?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ልክ ነህ» አለች እመት በቅሎ ከላይ ሆና። «የአህያ ልጅ ግን ታስጥላለች።»

አያ ጅቦ ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር አልታየም።

እመት በቅሎ ከዚያ ቀን ጀምራ መልአክ ሆነች እንዳልላችሁ። አልሆነችም። ማን ይሆናል? እኔ እንኳ ወገቤን ሲያመኝ ታውቁኛላችሁ። ጆሮዋ የሚለጠፍበት ቀን አሁንም ነበር። ያን ቀን ግን ገና ከመድረሷ፣ «ልጆች፣ ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ያስከፋችሁኝ እናንተ አይደላችሁም፤ የመንገዱ ነገር ነው። በሉ አመዱን እዩ» ትላቸዋለች። ልጆቹም «እሺ፣ እትዬ» ብለው አመዱን ያያሉ። ሲሳሳቱ ታርማለች፤ ሲያገኙት ደግሞ ጆሮዋ ቢለጠፍም አፏ «ጎበዝ» ይላል። ውርንጭላ ከፊት ተቀምጧል። መስከረም ሲጠባ አምስቱም ለብቻቸው ግጦሽ ወጡ፤ ማታ አምስቱም ተመለሱ። ሽማግሌው በሬ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው።

ጅቡ ሲንከባለል ከጀርባው የወለቀውን ገሳም አንስታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሾላው ላይ ሰቀለችው። መክሮኛል ብላ አከበረችው።

ወንዙስ? ወንዙ በማግስቱ ጠዋት ልማዱ አልለቀው ብሎ «ወይ ጆሮ! ከማን ወረስሽው?» አላት።

«ከአባቴ» አለችና ጠጥታ፣ ጠግባ፣ ተሻገረች።

ወንዙ ሌላ ስድብ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። እስከ ዛሬ እየፈለገ ነው። ወንዝ ዳር ስትቀመጡ ያ ሲያጉተመትም የምትሰሙት እሱ ነው።

እንግዲህ አስተማሪ የምትሆኑ ካላችሁ፣ የመንገድ ንዴታችሁን ወንዙ ጋ ጥላችሁ ግቡ። ካልተጣለላችሁም ለልጆቹ ንገሯቸው እንጂ ጆሯችሁን አታስነብቧቸው። የመምህሩን ፊት ያጠና ልጅ ጅብ ይከተላል፤ ዱካውን ያጠና ልጅ ቤቱ ይገባል።

ተረቴ ይኸው ነው፤ እናንተ ተረቱን ያዙ፣ እኔ ቆሎዬን ልያዝ። አሁን ተነሱ፣ ወገቤ ጀምሮኛል። ያስከፋችሁኝ እናንተ አይደላችሁም።